አሞሌና መዳብ፦ የኤሌክትሪክ ዘመን ከሰቆጣ ገበያ ሲታይ

በሰቆጣ ከተማ የቀረበ ሕዝባዊ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተገለበጠ



የዛሬው ርእሰ ጉዳዬ መዳብ ነው። የታሪክ ሰው በማዕድን ጉዳይ ምን አገባው የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በዓለም ላይ አንድ ክርክር ተነሥቷል። ዓለም ከከሰልና ከነዳጅ ዘይት ወጥቶ ወደ ውኃ፣ ወደ ነፋስና ወደ ፀሐይ ኃይል ይሸጋገር ሲባል፣ ለጄኔሬተሩ፣ ለትራንስፎርመሩ፣ ለሞተሩና ለሽቦው የሚሆን መዳብ ከየት ይመጣል? ገሚሱ አይበቃም ይላል፤ ገሚሱ ይበቃል ይላል። ክርክሩ የሚካሄደው ግን መብራታቸው ጠፍቶ በማያውቅ አዳራሾች ውስጥ ነው። ምሽቱን በኩራዝ ወይም በእጅ ባትሪ የሚገፋው ሰው በክርክሩ ውስጥ እምብዛም አይታይም።

ስለዚህ ጥያቄውን ዛሬ ከዚህ ከሰቆጣ ሆነን እንመልከተው። ሰቆጣ ለዚህ የተመቸች ከተማ ናት፤ ከሩቅ የመጣ፣ ሁሉም የሚፈልገው ዕቃ በደጇ ሲያልፍ ለብዙ ዘመን አይታለችና። ያ ዕቃ ጨው ነበር።

፩. የአሞሌ ትምህርት

ስለ አሞሌ በሰቆጣ መናገር ለቀባሪው ማርዳት እንዳይሆንብኝ እፈራለሁ። ለወጣቶቹ ስል ግን ጥቂት ልበል። በአፋር ዝቅተኛ ምድር ካለው የጨው ሜዳ ተቆርጦ፣ በግመልና በአጋሰስ ተጭኖ ወደ ደጋ የሚወጣው የጨው ጡብ ለወጥ ማጣፈጫ ብቻ አልነበረም፤ የሀገር መገበያያ ገንዘብም ነበር። በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ 6 ዓመት ያህል የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ይህ ጨው ከመገኛው በራቀ ቁጥር ዋጋው እየናረ እንደሚሄድ ታዝቦ ጽፏል። ይህ የገንዘብ ጨው እስከ 20ኛው መቶ ዘመን መባቻ ድረስ ከማርያ ቴሬዛ ብር ጎን ለጎን ሲሠራ ቆይቷል።

በ19ኛው መቶ ዘመን ሰቆጣ በሰሜን ኢትዮጵያ ከነበሩት ታላላቅ የጨው ገበያዎች አንዷ ነበረች። ከምሥራቅ ትግራይ ጠርዝ የመጣው ጨው እዚህ ይራገፋል፤ ሲራራ ነጋዴው እንደገና ጭኖ ወደ ላስታ፣ ወደ በጌምድርና ከዚያም ወዲያ ይጓዛል። በየመንገዱ ኬላ አለ፤ በየኬላው ቀረጥ አለ። ለዋግሹሞቹም ግምጃ ቤት ይህ ቀረጥ ዋነኛ ገቢ ነበር። ዋግሹም ጎበዜ ከዐፄ ቴዎድሮስ ሞት በኋላ በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ሲነግሡ፣ ከኋላቸው ከነበረው ሀብት አንዱ ምንጭ ይህ ገበያ እንደ ነበር መገመት አያዳግትም። ነገር ግን በሐምሌ 1863 ዓ.ም. ዐድዋ አጠገብ ድል የተነሡት በቁጥር በሚያንስ ሠራዊት ነው። ደጃዝማች ካሣ፣ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ፣ ከእንግሊዞች ያገኙት መድፍና ጠመንጃ ነበራቸው። በደጅ የሚያልፍ ሀብት ቀረጥ ያስገኛል፤ መሣሪያውን በእጅ የያዘውን ግን አይመክትም።

ከአሞሌ ታሪክ ዛሬ ይዘነው እንድንሄድ የምፈልገው አንድ ነገር አለ። የጨው ሜዳው አላለቀም፤ እስከ ዛሬም አላለቀም። ይሁን እንጂ ከሜዳው ርቆ በጎጃም ለሚኖር ድሃ ገበሬ ጨው ብርቅ ነበር፤ እንግዳ ሲመጣ ብቻ የሚላስ ነገር ነበር። እጥረቱን የፈጠረው የጨው ማነስ ሳይሆን መንገዱና ኬላው ነው። «ይበቃል ወይስ አይበቃም?» ብለን ስንጠይቅ፣ ከጀርባው ሁልጊዜ ሌላ ጥያቄ ተደብቆ ይገኛል፦ ለማን? በስንት? በስንተኛ ተራ?

፪. መዳብ በደጋው ምድር

መዳብ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ከ1ኛው መቶ ዘመን ድኅረ ልደት የሚቆጠረው፣ የኤርትራ ባሕርን ጉዞ የሚተርከው የግሪክ ነጋዴ መጽሐፍ በአዱሊስ ወደብ በኩል ወደ አክሱም የሚገቡትን ዕቃዎች ሲዘረዝር ሁለት ነገሮችን ይጠቅሳል፦ ለጌጥና እየተቆረጠ በገንዘብ ምትክ የሚያገለግል ናስ፣ እንዲሁም ለማብሰያ ዕቃና ለሴቶች አንባርና አልቦ የሚሆን ለስላሳ የመዳብ ንጣፍ። ከ2,000 ዓመት ገደማ በፊት ይህ ምድር መዳብን ከውጭ ይገዛ ነበር ማለት ነው።

በኋላ አክሱም የራሱን ገንዘብ ሲያትም ወርቁ ለባሕር ማዶ ንግድ፣ መዳቡ ለሀገር ውስጥ ገበያ ሆነ። በ4ኛው መቶ ዘመን፣ መስቀል በገንዘቡ ላይ ከታየ በኋላ፣ ከወጡት የመዳብ ሳንቲሞች አንዳንዶቹ «ይህ ሀገርን ደስ ያሰኝ» የሚል ትርጉም ያለው የግሪክኛ ጽሑፍ ተቀርጾባቸዋል። ወደዚህ ጽሑፍ በንግግሬ መጨረሻ እመለሳለሁ።

የአገው ሕዝብም ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደለም። በ6ኛው መቶ ዘመን የጻፈው ነጋዴው ኮስማስ፣ የአክሱም ንጉሥ ወደ ሳሱ ምድር ወርቅ ፍለጋ የሚልከው ጉዞ የሚሰናዳው በአገው ገዢ በኩል እንደ ነበር ይነግረናል። ተጓዦቹ ከብት፣ ጨውና ብረት ይዘው ይሄዳሉ፤ ወርቅ ይዘው ይመለሳሉ። በዛጉዌ ዘመን ደግሞ ከመዳብ ቅይጥ የተቀረጹት የመጾር መስቀሎች፣ ሠም ቀልጦ በወጣበት ቅርጽ ውስጥ ብረታ ብረት የማፍሰስ ጥበብ በዚህ አካባቢ ምን ያህል እንደ ረቀቀ ያሳያሉ። በመሳፍንቱም ዘመን ነጋሪቱ ከመዳብ ይሠራ ነበር። መዳብ የጌጥ፣ የጸሎትና የሥልጣን ማዕድን ሆኖ ኖረ። ድሃው ቤት የገባው በአንባር መልክ ነው።

በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ግን ሥራው ተለወጠ። ኤሌክትሪክን በቀላሉ የሚያስተላልፍ፣ የሚተጣጠፍ፣ ዝገት የሚቋቋም፣ ዋጋውም ከብር በእጅጉ የሚያንስ ማዕድን ሲፈለግ መልሱ መዳብ ሆነ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የመዳብ ታሪክና የመብራት ታሪክ አንድ ናቸው።

፫. ከአባ ሳሙኤል እስከ ተከዜ

የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ ታሪክ ከሞላ ጎደል የውኃ ታሪክ ነው። በአቃቂ ወንዝ ላይ የተሠራው አባ ሳሙኤል በ1924 ዓ.ም. ገደማ ሥራ ሲጀምር አቅሙ 6.6 ሜጋዋት ብቻ ነበር። በ1952 ዓ.ም. ቆቃ፣ ከዚያ ጢስ ዓባይ፣ ፊንጫ፣ መልካ ዋከና፣ ግልገል ጊቤ፣ በለስ እያለ ቆይቶ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ በ5,150 ሜጋዋት አቅም ተመረቀ። ነፋሱም በአዳማና በአሸጎዳ ተጨምሯል። ስለዚህ «ታዳሽ ኃይል» በኢትዮጵያ አዲስ እምነት አይደለም፤ ሌላ ብዙ ምርጫ ስላልነበረን ገና ከመነሻው የያዝነው መንገድ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ለዚህ ጉባኤ ቅርቡ ተከዜ ነው። ከላስታ ተራሮች የሚነሣው ይህ ወንዝ ዋግን ከብቦ ይወርዳል። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው ግድብ ከፍታው 188 ሜትር ነው፤ በምድር ውስጥ በተቦረቦረ አዳራሽ እያንዳንዳቸው 75 ሜጋዋት የሚያመነጩ 4 ተርባይኖች ቆመዋል፤ ድምሩ 300 ሜጋዋት ነው። ኃይሉ 105 ኪሎ ሜትር በሚረዝም የ230 ኪሎ ቮልት መስመር ወደ መቐለ ሄዶ ከብሔራዊው መረብ ጋር ይገናኛል። ወደ ኋላ የተኛው ውኃ ደግሞ የዝቋላንና የአበርገሌን ቆላ ነክቷል፤ ቀድሞ ዓሣ የማያውቀው ወጣት ዛሬ በጀልባ ወጥቶ መረብ ይጥላል።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት ላርም። በትልልቁ ምሰሶ ላይ ተዘርግቶ የምናየው ሽቦ መዳብ አይደለም፤ በመሐሉ የብረት ገመድ ያለበት አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም ይቀላል፤ ዋጋውም ይረክሳል። መዳቡ ያለው በመስመሩ ሁለት ጫፎች ነው። በአንደኛው ጫፍ በጄኔሬተሩ ጥቅልል፣ በትራንስፎርመሩና በመሬት ማያያዣው ውስጥ ይገኛል፤ በሌላኛው ጫፍ በቤት ግድግዳ ውስጥ በሚያልፈው ገመድ፣ በወፍጮው ሞተር፣ በውኃ መሳቢያው ፓምፕ፣ በጤና ጣቢያው ማቀዝቀዣ። ታዲያ ተከዜ ላይ የመጀመሪያው ጫፍ ተሟልቷል። ጥያቄው ሁለተኛው ጫፍ ነው። ግድቡን ከሚያዩት ተራሮች ላይ ከሚኖሩት ቤተሰቦች ብዙዎቹ መብራትን የሚያውቁት ከሩቅ ነው። በቅርቡ ጦርነት ደግሞ የሰቆጣ ከተማ ራሷ ለረጅም ጊዜ ያለ ኤሌክትሪክ ኖራለች። ይህንን እኔ ለእናንተ መንገር አይገባኝም።

ነገሩ በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። በዛምቤዚ ወንዝ ላይ ያለው የካሪባ ግድብ ከ1955 እስከ 1959 እ.ኤ.አ. ሲገነባ ዋና ዓላማው የሰሜን ሮዴዢያን፣ የዛሬዋን ዛምቢያ፣ የመዳብ ማዕድን ማውጫዎች በኤሌክትሪክ ማንቀሳቀስ ነበር። 57,000 ያህል የቶንጋ ሕዝብ ከወንዙ ዳር ተነሣ። መዳቡ በካሪባ ኃይል ነጥሮ ወደ ውጭ ሄደ፤ በሌሎች አገሮች ከተሞች ሽቦ ሆነ። ከወንዙ ዳር የተነሡት መንደሮች ግን ለዐሥርት ዓመታት ያለ መብራት ቆዩ። በ2024 እ.ኤ.አ. ድርቁ የካሪባን ውኃ ሲያጎድለው መላዋ ዛምቢያ በቀን ለብዙ ሰዓታት ጨለመች። መዳብ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፤ ኤሌክትሪክ መዳብ ይፈልጋል። በሁለቱ መካከል የሚኖረው ሰው ግን ከሁለቱም ላያገኝ ይችላል።

፬. ዓለም ሲከራከር

አሁን ወደ ዓለም አቀፉ ክርክር ልለፍ። «መዳብ ሊያልቅ ነው» የሚለው ሥጋት አዲስ አይደለም። በ1972 እ.ኤ.አ. ለሮም ክበብ የተዘጋጀው፣ የዕድገትን ወሰን የሚመረምረው ዝነኛ ጥናት በጊዜው የታወቀውን የዓለም የመዳብ ክምችት 308 ሚሊዮን ቶን ብሎ መዘገበ። ፍጆታው ባለበት ቢቀጥል 36 ዓመት፣ እያደገ ቢሄድ ደግሞ 21 ዓመት ይቆያል አለ። ከዚያ ወዲህ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ዐልፏል፤ ከዚያ ክምችት የሚበልጥ መዳብ ተቆፍሮ ወጥቷል፤ ዛሬ የተመዘገበው ክምችት ግን ወደ 1 ቢሊዮን ቶን ይጠጋል። «ክምችት» የሚለው ቃል በምድር ውስጥ ያለውን ሁሉ አይገልጽም፤ በዛሬው ዋጋና በዛሬው ዘዴ አውጥቶ ማትረፍ የሚቻለውን ብቻ ይገልጻል። ዋጋው ሲወጣ፣ ዘዴው ሲሻሻል ክምችቱ ይሰፋል።

ይህንን መርሕ አጥብቆ የያዘው የኢኮኖሚ ሊቁ ጁልያን ሳይመን በ1980 እ.ኤ.አ. የሥነ ሕይወት ሊቁን ፖል ኤርሊክን በውርርድ ገጠመው። ኤርሊክ መዳብ፣ ክሮሚየም፣ ኒኬል፣ ቆርቆሮና ተንግስተን የሚባሉ 5 ማዕድናትን መረጠ። ከ10 ዓመት በኋላ ዋጋቸው፣ የዋጋ ንረት ተቀንሶ፣ ቢጨምር ሳይመን ሊከፍል፣ ቢቀንስ ኤርሊክ ሊከፍል ተስማሙ። በ1990 እ.ኤ.አ. ኤርሊክ የ576 ዶላር ከ7 ሳንቲም ቼክ ላከ። ብዙዎች ነገሩ በዚህ ያበቃ መሰላቸው። ይሁን እንጂ በኋላ የመረመሩት የኢኮኖሚ ሰዎች ውርርዱ በሌላ ዐሥርት ዓመት ተጀምሮ ቢሆን ኖሮ ብዙ ጊዜ አሸናፊው ኤርሊክ ይሆን እንደ ነበር አሳይተዋል። ዋጋ በረጅም ዘመን ሊረጋጋ ይችላል፤ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ግን ቤት ሊያፈርስ ይችላል።

ክርክሩ በ2024 እ.ኤ.አ. እንደ አዲስ ተቀሰቀሰ። ዓለም አቀፉ የኢነርጂ መድረክ ያወጣው፣ ሎውረንስ ካትልስና አዳም ሳይመን የተባሉ የሥነ ምድር ሊቃውንት ያዘጋጁት ጥናት (ይህኛው ሳይመን ከውርርዱ ሳይመን ጋር በስም ብቻ ይመሳሰላል) እንዲህ ይላል፦ ሽግግሩን ትተን የቆየውን የዕድገት ጉዞ ብቻ ለመከተል እንኳ፣ ከ2018 እስከ 2050 እ.ኤ.አ. ሊቆፈር የሚገባው መዳብ የሰው ልጅ እስከ 2018 ድረስ በታሪኩ ሁሉ ከቆፈረው በ115 በመቶ ይበልጣል። ጸሐፊዎቹ ተሽከርካሪን ሁሉ በባትሪ ብቻ ከማድረግ ይልቅ ሞተርና ባትሪ በሚያጣምሩ መኪኖች ላይ ማተኮር መዳብ ይቆጥባል ብለው ይመክራሉ።

ይህን ሥጋት የሚያጠነክሩ ሁለት እውነቶች አሉ። አንደኛው የድንጋዩ መሳሳት ነው። ከመቶ ዓመት በፊት ከ100 ኪሎ ማዕድን አዘል ድንጋይ 2 ኪሎ ያህል መዳብ ይወጣ ነበር፤ ዛሬ በአማካይ አንድ ኪሎ እንኳ አይሞላም። ለአንድ ቶን መዳብ የሚቆፈረው ድንጋይ፣ የሚፈሰው ውኃ፣ የሚነደው ኃይል ያንኑ ያህል ጨምሯል። ሁለተኛው ጊዜ ነው። ማዕድኑ ከተገኘበት ቀን እስከ ምርት ያለው ጊዜ በአማካይ ከ15 ዓመት ይበልጣል። የተከፈተውም ሊዘጋ ይችላል፦ ፓናማ ውስጥ ያለው ታላቁ የኮብሬ ማዕድን ማውጫ በ2023 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በፍርድ ቤት ውሳኔና በሕዝብ ተቃውሞ ሲቆም ከዓለም ምርት ከመቶ አንድ የሚበልጠው በአንድ ጊዜ ጎደለ።

በሌላው ወገን ያሉት ደግሞ መዳብ እንደ ነዳጅ ተቃጥሎ የማይጠፋ መሆኑን ያስታውሱናል። ከዓለም የመዳብ ፍጆታ አንድ ሦስተኛ ገደማ የሚሸፈነው ተመልሶ ከቀለጠው አሮጌ መዳብ ነው። በብዙ ቦታም አሉሚኒየም ሊተካው ይችላል። ሁለቱም ወገኖች እውነት አላቸው። ግን ሁለቱም ስለ ዓለም በአማካይ ነው የሚናገሩት። በአማካይ የሚኖር ሰው ደግሞ የለም።

፭. የእኛ ስሌት

እስቲ አማካዩን ትተን ወደ ራሳችን እንምጣ። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም የሀብት ጥናት ጉባኤ በ2010 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት፣ በበለጸጉ አገሮች በአገልግሎት ላይ ያለው መዳብ በነፍስ ወከፍ ከ140 እስከ 300 ኪሎ ግራም ነው። በሽቦው፣ በማሽኑ፣ በመኪናው፣ በቧንቧው ውስጥ ያለው ሁሉ ተደምሮ ማለት ነው። ባልበለጸጉ አገሮች ከ30 እስከ 40 ኪሎ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ስሌት የእኔ ነው፤ እርሳስና ወረቀት ያለው ሁሉ ሊፈትነው ይችላል። ለ120 ሚሊዮን ኢትዮጵያዊ እያንዳንዱ 100 ኪሎ መዳብ ይጨመርለት እንበል። ከባለጸጎቹ ዝቅተኛውን እንኳ ገና አልደረስንም። የሚያስፈልገው 12 ሚሊዮን ቶን ነው። የዓለም ማዕድን ማውጫዎች በአንድ ዓመት የሚያወጡት 22 ሚሊዮን ቶን ያህል ነው። ስለዚህ አንድን ታላቅ ሕዝብ ከኩራዝ አውጥቶ በኤሌክትሪክ ዘመን ውስጥ ለማስገባት የሚበቃው መዳብ የዓለም የግማሽ ዓመት ምርት ገደማ ነው። በ25 ዓመት ብንከፋፍለው በየዓመቱ 480,000 ቶን ይሆናል፤ ከዓለም ዓመታዊ ምርት ከመቶ ሁለት ጥቂት ይበልጣል። ምድር ይህን አትከለክለንም።

የሚከለክለን ሌላ ነው። ከ2021 እስከ 2024 እ.ኤ.አ. የአንድ ቶን መዳብ ዋጋ ከ7,000 እስከ 11,000 ዶላር ባለው መካከል ሲዋዥቅ ቆይቷል። በ9,000 ብናሰላው ዓመታዊው ወጪ 4.3 ቢሊዮን ዶላር ይሆናል። ኢትዮጵያ እስከ 2016 ዓ.ም. ድረስ ከሸቀጦች የወጪ ንግድ በዓመት ታገኘው የነበረው ከ4 ቢሊዮን ዶላር ብዙም አይዘልም ነበር። ይህም ጥሬው መዳብ ብቻ ነው፤ ወደ ትራንስፎርመርና ወደ ሞተር ሲለወጥ የሚጨመረው አልተቆጠረም። ዋጋው በ1,000 ዶላር በጨመረ ቁጥር በየዓመቱ 480 ሚሊዮን ዶላር ይታከላል።

ይኸው የአሞሌው መንገድ እንደገና መጣ። የጨው ሜዳው አላለቀም፤ ጨው ግን ጎጃም አልደረሰም። መዳብም አያልቅም፤ ግን በሰልፉ መጨረሻ ለቆመው፣ በውድ ምንዛሪ ለሚገዛው፣ በኬላው ሁሉ ለሚከፍለው፣ በደረሰበት ቀን እጅግ ውድ ሆኖ ይጠብቀዋል። ዘግይቶ የሚገዛ ሀገር በጣም ሳስቶ ከተገኘው ድንጋይ የወጣውን፣ በጣም የተወደደውን መዳብ ይገዛል። ቀድሞ የገዛው ርካሹን ወስዷል፤ በግድግዳው ውስጥ ቀብሮታል።

፮. ሁለት መደምደሚያዎችና ስሕተታቸው

ከዚህ ተነሥተው አንዳንዶች «እንግዲያውስ ታዳሽ ኃይል የማይሆን ሕልም ነው» ይላሉ። ይህ መደምደሚያ ከሰቆጣ ሲታይ አይቆምም። በናፍጣ የሚሠራ ጄኔሬተርም ጥቅልሉ መዳብ ነው፤ ናፍጣው ደግሞ በየሳምንቱ በውጭ ምንዛሪ ይገዛል። ሽቦው፣ ሞተሩ፣ ፓምፑ ከየትኛውም ምንጭ ለሚመጣ ኃይል ያስፈልጋል። መዳብ ውድ መሆኑ በጨለማ ለመቆየት ምክንያት ሊሆን አይችልም፤ መዳቡን በመጀመሪያ የት እናውለው ብሎ ለመጠየቅ ግን በቂ ምክንያት ነው።

ሌሎች ደግሞ «ገበያው ራሱ ያስተካክለዋል» ይላሉ። ያስተካክለዋል፤ አልክድም። ገበያ የሚያስተካክለው ግን ዋጋውን መክፈል ያልቻለውን ከሰልፉ በማስወጣት ነው። በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ሰቆጣና ኮረም ያዩት ይህንኑ ነው፤ እህል በሀገር ውስጥ ፈጽሞ ያልጠፋበት፣ ለመግዣ የሚሆን ያጣው ሰው ግን የሞተበት ዘመን ነበር።

በእኔ አስተያየት ፍርዱ የሚጀምረው ከመጀመሪያው ኪሎ ነው። ለአንድ የገጠር ቤት፣ ለጥቂት አምፖልና ለሶኬት፣ በግምት 5 ኪሎ መዳብ ይበቃል። አንድ የኤሌክትሪክ መኪና 60 ኪሎ ያህል ይይዛል፤ የ12 ቤት ሽቦ ማለት ነው። መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉን ሲያስታውቅ ያቀረበው ምክንያት ከባድ ነው፤ ለነዳጅ የሚወጣው ምንዛሪ ሀገርን ያራቁታል፤ ኤሌክትሪኩ ደግሞ የራሳችን ነው። እኔ መኪናውን አልቃወምም። ነገር ግን የአዲስ አበባው መኪና ቻርጅ በሚደረግበት ሌሊት የዝቋላ ጤና ኬላ የክትባት ማቀዝቀዣ ያለ ኃይል ከቆመ ተራው ተዛብቷል እላለሁ።

ይህች ከተማ ስሟን ለአንድ ታላቅ ቃል ሰጥታለች። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. የታወጀው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ከ2 ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር በ2030 እ.ኤ.አ. ለማጥፋት የገባነው ቃል ነው፤ ሥራውም የተጀመረው በተከዜ ተፋሰስ ወረዳዎች ነው። መቀንጨር የምግብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ንጹሕ ውኃ የሚስበው ፓምፕ፣ እናትን ከወፍጮ ድንጋይ የሚያሳርፈው ሞተር፣ አዋላጂቱ በሌሊት የምታይበት መብራት ሁሉም ጥቂት ኪሎ መዳብ ይጠይቃሉ። በምድር ላይ ካለው መዳብ ሁሉ እንደዚህ ኪሎ የከበረ የለም።

፯. ከእጃችን ያለው

ታዲያ ምን እናድርግ? ሦስት ነገር ብቻ ልጠቁም።

የመጀመሪያው መንገዱን ማሳጠር ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. የተከለሰው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ፕሮግራም 65 በመቶውን ሕዝብ በዋናው መረብ፣ 35 በመቶውን ከመረብ ውጭ በሚሠራ ኃይል ለመድረስ ዐቅዶ ነበር። የጊዜ ገደቡ ዐልፏል፤ ሐሳቡ ግን ለዋግ ተራሮች አሁንም ትክክል ነው። በገደልና በሸለቆ ለተበታተነ መንደር ከሩቅ መስመር ከመጎተት ይልቅ በጠራው ሰማይ ሥር የሚቆም የፀሐይ ጣቢያ ይቀላል፤ ብዙ ሽቦም፣ ብዙ ትራንስፎርመርም ይቆጥባል።

ሁለተኛው ያለንን መጠበቅ ነው። ትራንስፎርመር ፈትቶ ጥቅልሉን የሚሸጥ ሌባ የሚያገኘው ጥቂት ብር ነው፤ መንደሩ የሚያጣው የወራት ብርሃን ነው። የተቃጠለ ሞተርና ያረጀ ገመድም ቆሻሻ አይደለም፤ በሀገር ውስጥ ቀልጦ እንደገና ሽቦ ሊሆን የሚገባው የከተማ ማዕድን ነው። በጥሬው ሸጠን በተሠራ ዕቃ መልሰን ስንገዛው ሁለት ጊዜ ቀረጥ እንከፍላለን።

ሦስተኛው የራሳችን ድንጋይ ነው። የሥነ ምድር ሊቃውንት የዐረብና የኑብያ ጋሻ የሚሉት ጥንታዊ ዓለት በሰሜን በኩል ወደ እኛ ይዘልቃል። በኤርትራ ቢሻ የሚባለው ማዕድን ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መዳብ አውጥቷል፤ በትግራይ ሽሬ አካባቢም ቴራኪምቲ ላይ መዳብና ወርቅ ያዘለ ክምችት ተገኝቷል። ነገ ማዕድን ቆፋሪ ወደዚህም ቢመጣ የካሪባን ታሪክ አስታውሱ። ከፊርማው በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ውኃው የማን ነው? ኃይሉ መንደሩን ይነካል ወይስ ከላዩ ያልፋል? ድንጋዩ ሲያልቅ ጉድጓዱን ማን ይደፍናል?

ክቡራንና ክቡራት፤ በመጀመሪያ ያነሣሁትን የአክሱም ሳንቲም አስታውሼ ልጨርስ። ያ ሳንቲም ትንሽ ነው፤ ከጣት ጫፍ አይበልጥም። ንጉሡ በወርቁ ላይ ክብሩን ለባሕር ማዶ ነጋዴ አሳየ፤ ገበያተኛው በየቀኑ በሚጨብጠው መዳብ ላይ ግን «ይህ ሀገርን ደስ ያሰኝ» ብሎ አስቀረጸ። የመንግሥትን መዳብ ለመመዘን ከዚህ የተሻለ ሚዛን አላውቅም። ከተከዜ ወጥቶ ስለሚሄደው ኃይል፣ ነገም ወደ ሀገር ስለሚገባው ሽቦ፣ በሜጋዋትና በቶን ከመቁጠራችን በፊት ይህንኑ እንጠይቅ፦ የትኛውን ቤት ደስ አሰኘ?

ሰቆጣ ጨው ሲያልፍ አይታለች፤ ኃይልም ሲያልፍ አይታለች። ልጆቿ ከዚህ በኋላ የሚጽፉት ታሪክ ስላለፈው ሳይሆን ስለ ቀረው እንዲሆን እመኛለሁ።